ለሄልሜት ያልተፈታ ጥምጥም

ሰርኬ የክሊኒኩን ወለል ስትወለውል ብዙ የተፈነከተ ሞተረኛ አይታለች፤ ጥምጥም ጠምጥሞ የመጣ ግን እኚህ መሪጌታ የመጀመሪያው ናቸው። ሄልሜታቸው ጭረት ሳይነካው ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጥምጥሙን አላስገባ ስላላቸው የሞተሩ እጀታ ላይ ሰቅለውት ሲነዱ ነው ንፋስ መውጫ ከተማ መግቢያ ላይ ሚኒባስ የገጫቸው።

«ጥምጥሙን ፈትተው ቢያደርጉትስ ኖሮ?» አለቻቸው።

«ራሴን ገልጬ ድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ደብር ልግባ? ከዚያስ ሚኒባሱ ይሻላል።»

አሁን ጭንቅላታቸው ተሰፍቶ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከጥምጥሙ ብዙም አይለይም። ነጠላቸው ላይ የደረቀው ደም ግድ አልሰጣቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጎራጉራሉ።

«መሪጌታ፣ ስምዎን ያስታውሳሉ?» አላቸው ሐኪሙ።

«ስሜንማ ሚስቴም ትነግረኛለች። ሃያ ዓመት ቁራሽ ለምኜ የያዝኩትን ድጓ ማን ይነግረኛል?»

ለካስ የዓመቱን ዜማ ከዮሐንስ ጀምረው፣ ከጭንቅላታቸው አለመውጣቱን በዓል በበዓል እየፈተሹ ኖሯል። መስቀልን አለፉ፣ ጽዮንን አለፉ፣ ልደትን አለፉ። ጥምቀት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። ከልደት ደግመው ተነሡ፤ እዚያው ላይ ቆሙ። ፋሻውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ።

ከአራተኛ ክፍል የወጣችው ሰርኬ የተማረችውን ሁሉ ረስታ ኖራለች፤ ሰው መርሳትን እንዲህ ሲፈራ ግን አይታ አታውቅም።

«አልጋ ተዘጋጅቷል፣ ይነሡ» አለ ሐኪሙ።

«ቆይ ልጄ፣ ጥርን ሳልሻገር የት እሄዳለሁ?»

ሐኪሙ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ሰርኬ ዝም እንዲል በእጇ ምልክት ሰጠችው።