የመድፍ መስኮት የሚከፈተው ከውስጥ ነው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔም ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን የለም። ጡረታ የወጣሁ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ውሃ በየት በኩል ሾልኮ እንደሚገባ ስጠረጥር ስለኖርኩ ሰውንም በዚያው ዓይን ማየት ለመደብኝ። ስቶክሆልም፣ ቬሊንግቢ ያለው ቤቴ ሲንኳኳ መጀመሪያ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለት ቅዳሜ ሦስት የማላውቃቸው አበሾች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ሊሰብኩኝ ነው ብዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ደጋግመው አንኳኩና ሄዱ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሶልና ባለ ሆስፒታል ነርስ ናት። በአማርኛ ስጠይቃት የምትመልስልኝ በስዊድንኛ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች በአማርኛ አወራችኝ። «አባዬ፣ ላገባ ነው። ያለ አንተ ምርቃት ግን አልፈልግም።»

ሰውየው ስዊድናዊ አናጢ ነው፤ ለሙዚየም የጥንት የጦር መርከብ ክፍሎችን አስመስሎ ይሠራል። «በወጉ ሽማግሌ ይላክ» አልኩ። ፈረንጅ ሽማግሌ ከየት ያመጣል? ወራት አለፉ፣ ማንም አልመጣም። ልጄ መደወል አቆመች። አፌ «አላልኩም?» ይላል፤ ሆዴ ግን እስከ መጨረሻው እንዳላጣት ፈርቶ ነበር።

ከዚያ አናጢው ራሱ ደወለና ሶደርማልም ያለው ወርክሾፑ እንድመጣ ለመነኝ፤ ብቻዬን። ለምን ብቻዬን? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር። ቢሆንም ሄድኩ።

ክፍሉን ለሁለት የከፈለ የመርከብ ጎን ሠርቷል፤ ጥርብ የኦክ ጣውላ ነው። መሐሉ ላይ በወፍራም ክዳን የተዘጋ የመድፍ መስኮት አለ። ሰውየው በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ከግድግዳው ወዲያ ሳል ሰማሁ።

«ማነው?» አልኩት።

«ማሞቂያው ነው» አለ ፊቱ ቀልቶ።

ማሞቂያ ሲያስል ሰምቼ አላውቅም። የሚደብቀው ነገር እንዳለ እርግጠኛ ሆንኩና ስለ መስኮቱ አሠራር እንደ ተማሪ እፈትነው ጀመር። ክዳኑ ማጠፊያው ከላይ ነው፤ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይከፈታል። ገመዱ ከክዳኑ የውጭ ገጽ ቀለበት ተነስቶ፣ ከመስኮቱ በላይ ባለ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ለመክፈት እሱን መሳብ ነው። ለመዝጋት ገመዱን ለቅቆ፣ የውስጡን ቀለበት ስቦ፣ መቀርቀሪያውን መጣል። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ የተቀረጸ አንበሳ ጥርሱን አግጥጦ ያየኛል።

«የገዛ ወገኑን ነው እንዴ የሚያስፈራራው?»

«ሲዘጋ ብቻ» አለ። «ሲከፈት ፊቱ ወደ ጠላት ይዞራል።»

«ከውጭስ እንዴት ይከፈታል?»

«አይከፈትም። ውስጥ ያለው ሰው ካልሳበ አይከፈትም።» መቀርቀሪያውን አነሳና ገመዱን ሰጠኝ።

ሳብኩ። ከበደኝ፤ ክዳኑ እያቃሰተ ተነሳ። በመስኮቱ ወዲያ ሦስት አዛውንቶች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። በበሩ ቀዳዳ ያየኋቸው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ» አሉ ትልቁ። «ይህ ልጅ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ጠንቶ ነው የላከን። ሁለት ጊዜ በርዎን አንኳኩተን ተመለስን። ዛሬ እርስዎው ራስዎ ከፈቱልን። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል።»

ኀፍረት ፊቴን ለበለበው። ሽማግሌ አልላከም እያልኩ ስወቅሰው፣ ሽማግሌዎቹን ደጄ ላይ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ወጉ «እናስብበት፣ ሌላ ቀን ኑ» ማለት ነበር። ክንዴ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ገመዱን ብለቀው ክዳኑ ፊታቸው ላይ ይዘጋል።

«ማሰሪያው የት ነው?» አልኩት በስዊድንኛ።

በቀኜ ያለውን የእንጨት ካስማ አሳየኝ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ አጥብቄ አሰርኩት። ሽማግሌ ልመናው እሺ እስኪባልለት አይቀመጥም። ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ «ተቀመጡ» አልኳቸው።

አናጢው አማርኛ አያውቅም። ሦስቱ አዛውንቶች ከመስኮቱ ወዲያ በተከመረው ጣውላ ላይ ሲቀመጡ ሲያይ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።