መራራውን ግብጦ ለመመለስ እስከ እብናት

ከደብረ ታቦር የወጣነው ሐሙስ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ ነው። የምንሄደውም እኔ በገዛ እጄ የጻፍኩትን አንዲት ወረቀት ለመመለስ ነው። ማፈር ይገባኝ ነበር፤ አፍሬአለሁም። ግን ብርዕ ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝምና ማፈሬን እንኳ ስጽፈው ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ግብጦ ታዘጋጃለች። ግብጦ እንደምታውቁት ሳይነከር ከተበላ መራራ ነው፤ መራራ ብቻም አይደል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ራስ ያዞራል፣ በሕፃን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ትቆላውና በጆንያ አስራ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ስድስት ቀን ታሳድረዋለች። ከዚያ እብናት ላለችው ነጋዴ፣ ለእትዬ ዘሐራ፣ በአህያ ትልክላታለች። ሰባተኛዋን ሌሊት እትዬ ዘሐራ ራሷ ነክራ ለቅዳሜ ገበያ ታወጣዋለች። አህያ ነጂዎቹ መልእክቱን መንገድ ላይ እየረሱት ስላስቸገሩ፣ ጣልያኖች ከጣሉት የሲሚንቶ ከረጢት እየቀደድኩ "አንድ ሌሊት ነክራችሁ ብሉ" ብዬ በጆንያው አፍ ላይ ማሰር ጀመርኩ። ሐሳቡ የእኔ ነው።

በዚህ ሳምንት ግን ጣልያኖቹ ከመንደራችን በላይ ሰፍረው መኪናቸውን በወንዛችን ያጥቡ ጀመር። ውኃው ዘይት ዘይት ሸተተ። እናቴም ግብጦውን ቆልታ ብቻ፣ ውኃ ሳይነካው፣ "እዚያው ይነክሩት" ብላ ጫነችው። እኔን "ወረቀቱን ጻፊና እሰሪበት" አለችኝ። እኔም የለመድኩትን ጻፍኩ። እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ሁሉ ያማረ ጽሕፈት ነበር።

ረቡዕ አህዮቹ ከሄዱ በኋላ፣ እንድታመሰግነኝ ብዬ የጻፍኩትን በቃሌ አልኩላት።

"ሰባት ቀን አላልሽም?" አለችኝ።

"ሁልጊዜስ አንድ ሌሊት አይደል?"

እናቴ የቀለም ቀንዴን ከግድግዳው አንስታ እጄ ከማይደርስበት ቆጥ ላይ ሰቀለችው። "በይ ሰው ሳይበላው ድረሺበት። ስለ ቀለምሽ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

ሐሙስ፣ በመንገድ

አብሮኝ የሄደው የእናቴ ወንድም ጋሼ ደስታ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ጉናን ከኋላችን ትተን ቁልቁል ስንወርድ ጉም ከእርሻው ላይ እንደ ባዘቶ ይነሣ ነበር። የታጨደው ገብስ ክምር አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ፊደል ካወቅሁ ወዲህ ዓይኔ አያርፍም፤ የጎጆው በር "በ" ይመስለኛል፣ በሁለት ኮረብታ መካከል ያለው ጎድጓዳ "ሀ" ነው፣ ከጉሙ ውስጥ የወጣችው ፀሐይ ደግሞ ክብ "ዐ"። አገሩ ሁሉ ማታ ተጽፎ ያደረ መሰለኝ፤ ቀለሙ ገና ያልደረቀ።

"ጋሼ፣ ያ ዛፍ 'ተ' አይመስልዎትም?"

"አንቺ እግርሽን እዪ። ገደል ብትገቢ በየትኛው ፊደል ላወጣሽ ነው?"

ከቀትር በኋላ ርብ ወንዝ ደረስን። መሻገሪያው ላይ ጣልያን ያቆመው ኬላ አለ። ዘበኛው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ፀሐይ ያሞቃል። እናቴ ለእትዬ ዘሐራ እንዳሳያት ብላ በነጠላዬ ሁለት ጫፍ ሁለት ዓይነት ግብጦ ቋጥራልኝ ነበር፤ በአንዱ ተነክሮ የጣፈጠውን፣ በአንዱ መራራውን።

"ምንድን ነው የቋጠርሽው?"

"አንዱ ስንቅ ነው፣ አንዱ መርዝ ነው" አልኩት።

ጋሼ ደስታ ሳል ያዘው። ዘበኛው ብድግ አለ። "መርዝ? ለማን?"

"ለማንም! እንዳይበላ ብለን እኮ ነው የምንሄደው!" ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ወረቀቱን፣ ወንዙን፣ የቀለም ቀንዴን ሳይቀር።

"እንግዲያ ቅመሺው። መርዝ ከሆነ እናያለን" አለኝ።

ከመራራው አንዲት ፍሬ ነከስኩ። እናንተዬ! ምላሴ ተጠቀለለ፣ ጆሮዬ ድረስ መረረኝ። ተፍቼ ተፍቼ እንባዬ መጣ። ዘበኛው እየሳቀ እሱም አንዲት ወደ አፉ ወረወረ፤ ሳቁ እዚያው ቀረ። ውኃ እየተጉመጠመጠ በእጁ መንገዱን አሳየን። "ሂዱ! ምን ትቆማላችሁ? ሩጡ እንጂ!"

ስሮጥ አንድ ነገር ገባኝ። እናቴ ይህን ስትሠራ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ ሳይነከር ግን አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ለማደሪያው ጋሼ ደስታ ዳዊት ደገመላቸው።

ዓርብ፣ እብናት

ወደ እብናት ሲወረድ አየሩ ይሞቃል። ሁለት መርፌ ሰጥተን የሽምብራ እሸት ለወጥንና እየበላን ገባን። እትዬ ዘሐራ ደጇ ላይ ቁና ይዛ አገኘናት። አጠገቧ በገንቦ የተነከረው ግብጦ አለ፤ ሌሊቱ አልፎታል።

"ቀምሰውታል?" አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

"ቀመስኩት እንጂ። መረረኝ። የጎረቤት ተማሪ ወረቀቱን ሲያነብልኝ ግን አንድ ሌሊት ይበቃል አለኝ። የተጻፈ ነገር አይሳሳትም፣ የታመመው የኔ ምላስ ነው ብዬ ተውኩት።"

ከመንገዱ ሁሉ፣ ከመራራዋ ፍሬም ይልቅ ይህ አመመኝ። ሃምሳ ዓመት የቀመሰች ምላስ ለእኔ ወረቀት ተሸነፈች።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እትዬ" አልኳት። "ለሰው ሰጥተዋል?"

"ለሦስት ቤት! ያ አላህ!" ብላ ቁናውን ጣለች።

ሦስታችንም ሮጥን። አንደኛዋ ሴትዮ ለነገ ብላ ከድናው ነበር፤ እንዳለ መለሰችልን። ሁለተኛዋ ለልጆቿ በሳህን ልታቀርብ ስትል ደረስን። ትንሿ ልጅ አንዲት ፍሬ አንስታ ወደ አፏ ስትወስድ እጇን ያዝኩት፤ አለቀሰችብኝ፣ እኔም አብሬያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሦስተኛው ቤት የሸማኔው የአባ ይማም ነው። እሳቸው አንድ እፍኝ በልተው አስመልሰዋል፤ ከመደቡ ላይ ተጋድመው ጣሪያውን ያያሉ።

"አባ፣ እንዴት ነዎት?"

"ቤቱ ይዞራል። መወርወሪያዬ ቆሞ ሳለ ቤቱ ይሸምናል። አንቺ ማነሽ?"

"ወረቀቱን የጻፍኩት ነኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ይህችን ታህል ልጅ ናት እኔን የጣለችኝ? ጣልያን እንኳ አልጣለኝ!"

እስኪሻላቸው ከጎናቸው አልተነሣሁም። በማግሥቱ ጧት ቤቱ መዞሩን ትቶ እሳቸው ግቢውን መዞር ሲጀምሩ ጊዜ፣ ትንፋሼ ተመለሰ።

ቅዳሜ

ግብጦውን ሁሉ መልሰን በጆንያ አሰርንና ወንዝ ወስደን ድንጋይ ጫንበት። እትዬ ዘሐራ ከገበያው መኻል ድንጋይ ላይ አቆመችኝ። "እኔ ያላስታወስኩት የወሰደ ካለ፣ አንቺው ንገሪያቸው።" ጮኼ ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጨመርኩ። ሌላ የወሰደ አልነበረም። ስንለያይ ወረቀቴን እጄ ላይ አኖረችልኝ። "በሚቀጥለውም ላኪልኝ። ግን እኔም እቀምሳለሁ።"

ማክሰኞ፣ ቤት

ጉና ደመና ለብሶ ተቀበለን። እናቴን ወንዝ ዳር አገኘኋት፤ ጣልያኖቹ ከሚያጥቡበት በላይ ወጥታ፣ ንጹሕ ውኃ ፈልጋ፣ አዲስ ጆንያ ነክራለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ አባ ይማምንም አልደበቅኋትም። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ እጇን ከውኃው አውጥታ አንዲት ፍሬ መዳፌ ላይ አደረገች።

"ቅመሺ።"

ቀመስኩ። እንደ ኬላው አይሆንም፤ ግን ከምላሴ ሥር መራራው ገና አለ።

"ስንት ቀን ቀረው?"

ጥቂት አሰብኩ። "ሁለት።"

እናቴ ከቆጡ አውርዳ ጉያዋ የያዘችውን የቀለም ቀንዴን አወጣች።

"እንግዲያ እሱን ጻፊ" አለችኝ።