ከምንጩ በላይ የቆመው ቤት

ከልጅነቷ ጀምሮ ያገኘችውን ሁሉ ካልለካሁ ስለምትል ቤተሰቡ «ሜትሮ» ይላታል። አርክቴክት ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ የነደፈችው ግን ሜዳ ላይ የሚቆም ሱቅና መጋዘን ብቻ ነበር። የራሷን ቤት ልትሠራ ስትነሣ የደረሳት መሬት ተራራ ላይ ሆነ። ያውም እንዴት ያለ ተራራ! ከመንገዱ ጠርዝ ጀምሮ ቁልቁል ይወረወራል። ባሏ ገና ሲያየው፣ «እዚህ የሚሠራው ቤት ሳይሆን መሰላል ነው» አለ።

አማቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ በሩን ከመንገዱ ጋር እኩል አደረገችው፤ የእሳቸው ክፍል እዚያው፣ የልጆቹ ደግሞ ከሥር። ለዚህ ተራራውን ቆርጣ ልትደለድል፣ ከኋላም በድጋፍ ግንብ ልትይዘው አሰበች። ፕላኑ አለቀና ቁፋሮ ተጀመረ።

በአራተኛው ቀን ዋናው ግንበኛ አስጠሯት። ዓይናቸው ስለማይስት ሠራተኛው «አባባ ውሃ ልክ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ነይማ ልጄ፣ ጆሮሽን እዚህ ጋ አድርጊ» አሉ፣ ቁፋሮው ያወጣውን ዐለት እያሳዩ።

ጭቃው ላይ ተንበረከከች። መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። ትንሽ ቆይቶ ከዐለቱ ሆድ ውስጥ ረጋ ያለ፣ የማያቋርጥ የውሃ ድምፅ መጣላት። ስትለካው የከረመችው ተራራ ውስጡ ሲሄድ ኖሯል!

«ግንቡን እዚህ ካቆምሽው ውሃው መውጫ ያጣል» አሏት። «ዛሬ ባይሆን ከርሞ ገፍቶ ይጥለዋል።»

ቤት ገብታ ፕላኑን ቀደደችው። ባሏ ክው አለ።

«የሁለት ወር ልፋትሽን?»

«የእኔ ሁለት ወር ነው። ውሃው መንገዱን ሲቆፍር ስንት ሺህ ዓመት እንደፈጀ እንጃ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዛ በዝናብ ቁልቁለቱ ላይ ዋለች፤ ውሃው የት እንደሚሰበሰብ፣ የት እንደሚታጠፍ እያየች ምልክት ተከለች። በአዲሱ ፕላን ተራራው አልተቆረጠም። ቤቱ በዘጠኝ ኮለን ላይ ተነሣ፤ እያንዳንዱ እግር ቁመቱ ለየቅል፣ ሁሉም ዐለት ረግጦ። ምንጩም በሥሩ እንዲያልፍ ተለቀቀ።

አማቷ ሥዕሉን ሲያዩ፣ «በስተርጅናዬ ደግሞ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ልሰፍር?» ብለው አኮረፉ።

ቤቱ ካለቀ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ አባባ ውሃ ልክ ሳይጠሩ መጡና ከሜትሮ ጋር ከኮለኖቹ ሥር ቆሙ። ውሃው በኮለኖቹ መካከል እየጮኸ አለፈ። ቱምቢያቸውን በክሩ አንጠልጥለው አንዱ ኮለን ዘሞ እንደሆነ አዩ፤ ኮለኑ ከክሩ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ።

ዝናቡ ባባራ ማግስት አማቷ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከመንገዱ አንዲት ደረጃ ሳይወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤቱ ገቡ። እስከ ትልቁ መስኮት ሄዱና ቀጥ አሉ። የዛፎቹ ጫፍ ከእግራቸው በታች ነበር፤ ወፎች ከሥራቸው እየበረሩ ያልፋሉ።

«ወፍን ከላይ ሆኜ ሳይ ዕድሜዬን ሙሉ ገና ዛሬ» አሉ በሹክሹክታ። «ወንበር አምጭልኝ ልጄ።»

አመጣችላቸው። ምሳ ደርሶ ቢጠሩም አልተነሡም።