ደሴ የቀረው ኮት

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ሰይድ ቤት ምሳ ተጠራሁ። ጅዳ የሚሠራው ልጁ የአባቱን ሥዕል በትልቁ አሠርቶ ሳሎኑ ላይ ሰቅሎለታል። ምላሴ «ማሻአላህ» አለ፤ ዓይኔ ግን ከሥዕሉ አልነቀል አለ። ይህ ቅናት አዲስ አይደለም፤ ጢም ሳላበቅል ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው።

ያኔ እኔ ጨውና ሳሙና፣ ሰይድ ጨርቅ እንሸጥ ነበር። የእህል ነጋዴውን የሐጂ ሙሄን ልጅ ዘሐራን ፈልገን ሁለታችንም ሽማግሌ ልከናል። ሐጂ ደግሞ የጠያቂውን ቤት ራሳቸው ገብተው ሳያዩ መልስ አይሰጡም። ሰይድ ይህን ያውቃልና የራሱን ሥዕል አሠርቶ ከበሩ ትይዩ ሰቀለ፤ ጥቁር ኮት፣ የወርቅ ሰዓት፣ ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ። የሚተኛው ግን መደብ ላይ ነበር።

አይቼው አላስቻለኝም። ጉርድ ፎቶዬን ይዤ በክረምቱ ጭቃ ሰይድን የሣለው ሠዓሊ ዘንድ ሄድኩ።

«ከሰይድ አስበልጠህ ሣለኝ።»

«ምን ልጨምርልህ፣ ወንድም ዓለም?»

«ሰዓቱን በሁለቱም እጄ አድርገው።»

«አንተ ቤት ቀኑ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚመሸው?»

ግድግዳው ሥር ኮት የለበሱ፣ ፊት የሌላቸው ሰዎች ተደርድረዋል። ሠዓሊው ሥራ ሲቀዘቅዝ ገላውን አስቀድሞ ሥሎ ያስቀምጥና፣ ደንበኛ ሲመጣ ፊቱን ብቻ ይሞላል። አየሁ፤ ቅናት ግን ዓይን እንጂ ልብ አይሰጥም።

ሐጂ ሙሄ መጡ። ሥዕሌን ቆመው ብዙ አዩት።

«ይኼን ሰውዬ ትናንት ሰይድ ቤት አግኝቸዋለሁ። አንገቱን ቀይሮ መጣ እንዴ? ኮቱ ያንተ ነው?»

«ወላሂ የኔ ነው፣ ሐጂ! ደሴ ላውንደሪ ሰጥቸው ነው።»

«ሰይድን ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለህ? ‹ከአንገት በላይ ብቻ ነው የኔ፤ ሌላው የሠዓሊው ነው› ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።» ከዘራቸውን አነሱ። «አንተ ልጅ፣ ለኮት ብለህ በአላህ ማልክ። ነገ ለዘሐራ በምን ልትምልላት ነው?»

ከወር በኋላ የሰይድና የዘሐራ ሰርግ ላይ በላሁ።

ዛሬ ኮትም ሶፋም አለኝ፤ ሁሉም የእውነት። ሚስቴም ደግ ሰው ናት። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ግን አንድ እንግዳ በአዲሱ ሥዕል ከሰይድ ኋላ የተሣለውን ፎቅ አይቶ «የት ሰፈር ነው የሠራኸው?» ሲለው፣ «ኧረ የኔ አይደለም! ሠዓሊው ነው የሠራው» ብሎ ሳቀ። ዘሐራም አፏን በሻሿ ይዛ አብራው ሳቀች። የቀናሁት በፎቁ አይደለም። ስንት ዓመት ነግጄ፣ «የኔ አይደለም» ብዬ እንዲህ ስቄ አላውቅም።