ዐሥራ አምስት ብሎኖችና የገብስ አገዳ

ጉዞው የተጀመረው በሰኔ ወር፣ ቅዳሜ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከጢቾ ወደ አሰላ የሄድኩት የስምንተኛ ክፍልን የመንግሥት ፈተና ተረክቤ ለመመለስ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወባ ስለጣላቸው ነገሩ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት በመጣሁት መምህርት በእኔ ላይ ወደቀ። ፈተናው ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት በየትምህርት ቤቱ እኩል ይጀመራል፤ ወረቀቱ በሰዓቱ ያልደረሰለት ተማሪ እስከ ከርሞ ይጠብቃል።

የእኛ ተማሪዎች ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቃሲም በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ዓርብ ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቆ፣ «መምህርት፣ እኔ ከርሞ የለኝም። ወንድሜ እርሻዬን የሚይዝልኝ እስከዚህ ክረምት ብቻ ነው» አለኝ። ከሰው ጋር ስነጋገር ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። «ወረቀቱን አመጣዋለሁ» ብቻ ብዬው ሄድኩ።

ዳገቱ

ያሳፈሩኝ የገብስ ነጋዴው አቶ ቱፋ ናቸው። ያረጀች ፒክአፓቸውን ራሳቸው ይነዳሉ። ከኋላ ስምንት ኩንታል ገብስ ተጭኗል፤ ጆንያው እንዳይረጥብ ከሥሩ የገብስ አገዳ ተነጥፎለታል።

ወደ ገለማ ተራራ መውጣት እንደጀመርን ከፊታችን እንፋሎት ተነሣ። አቶ ቱፋ መኪናውን አቁመው ከምንጭ ውሃ ቀድተው ጨመሩ። «እንደ እኔ ናት» አሉኝ፤ «ዳገት ስታይ ውሃ ትጠይቃለች።» ሁለተኛ ጊዜ ስንቆም ቀልዳቸውን ደገሙት። በአራተኛው ጊዜ ግን ሳይቀልዱ ወደ መኪናው ጀርባ ዞሩ። ከኋላ የሚወጣው ጭስ ነጭ ነበር።

ከላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጅባራው፣ ያ ረጅም የደጋ ተክል፣ በጭጋጉ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል። አቶ ቱፋ ባለቤታቸው የቋጠሩላቸውን ጩኮ ከፍለው ሰጡኝ። ገብሱ በቅቤ ስለታሸ አንድ ጭብጥ እስከ ቀትር ያዘልቃል። ሳጉሬ ላይ በዐሥር በዐሥር ሳንቲም ሻይ ጠጣን፤ ባለ ሻይ ቤቷ ለመኪናው የሚሆን ውሃ በጣሳ ሞልታ ሰጠችን፤ ዋጋ አልጠየቀችም። አሰላ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደርሼ ፈረምኩና በቀይ ሰም የታሸገውን ሳጥን ተረከብኩ።

ጋራዡ

አቶ ቱፋ መኪናቸውን ያስገቡበት ጋራዥ ከጋሪዎች መቆሚያ ጀርባ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ወልዴ በጣሊያን ጊዜ ሙያውን የለመዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ለአቶ ቱፋ አሳዩ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

«ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» አሉ። ግራ መጋባቴን አይተው መዳፋቸውን በመዳፋቸው ላይ ደረቡ። «ይሄ የሞተሩ አካል፣ ይሄ ቴስታው፣ ራሱ ማለት ነው። በመካከላቸው ስስ የመዳብ ገበር አለ። እሱ ሲሄድ ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል።»

«አዲስ የት ይገኛል?» አሉ አቶ ቱፋ።

«አዲስ አበባ። እሱም ሰኞ፣ ሱቅ ሲከፈት።»

ወደ ጢቾ የሚሄድ ሌላ መኪና እስከ ማክሰኞ አልነበረም። ሳጥኑን አቅፌ ቆምኩ። አቶ ቱፋ በእኔ ፈንታ ነገሩን አስረዱ። ጋሽ ወልዴ ሳጥኑን፣ ቀጥሎም ግድግዳውን አዩ። በሚስማር ላይ የተሰቀሉ አሮጌ ጓርኒሲዮኖች ነበሩ። ከአንዲት የሞተች ተመሳሳይ መኪና የወጣውን አወረዱት። ከሰል ላይ አግለው ቀይ ሲሆን ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ የደረቀው መዳብ ለስለስ አለ።

ከዚያ ቴስታውን መፍታት ያዙ። ሲመሽ ዐሥራ አምስቱንም ብሎኖች አውጥተው ጆንያ ላይ አኖሩና እጃቸውን ጠረጉ። «ነገ ሰንበት ነው። ብረት አልነካም።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ተማሪዎቹ…» አልኩ።

ሳጥኑን መልሰው አየት አድርገው፣ «ቅዳሴ ልስማ። ከዚያ እናያለን፣ ልጄ» አሉኝ።

እሑድ

ያደርኩት ነርስ ጓደኛዬ ዘንድ ነው። ማልጄ ጋራዡ ስደርስ አቶ ቱፋ መኪናው ውስጥ ተኝተዋል። ብሎኖቹ በጥቀርሻ ተለውሰው ጆንያው ላይ ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። ሽማግሌው ስለ እኛ ሰንበታቸውን ሊሽሩ ነው፤ እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ አሳፈረኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከላቦራቶሪ የምንወጣው ዕቃውን አጥበን፣ በመጠኑ ደርድረን ነበር። ስለዚህ ብሎኖቹን በነጭ ጋዝ አጠብኳቸው፤ አድርቄም ከአጭር እስከ ረጅም በአንድ ጣሳ ውስጥ አሰለፍኳቸው። ውጤቱን አይቼ ደስ አለኝ።

ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ባዶውን ጆንያ አዩ፤ ጣሳውንም አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መርዳቴ ነበር።»

«ጸድተዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ያስቀመጥኳቸው ግን እንደየቀዳዳቸው ነበር። ረጅሙ አጭር ቀዳዳ ውስጥ ከገባ የቀዳዳውን ወለል ይነካና ቴስታውን አያጠብቀውም። የመጀመሪያው ዳገት ላይ መልሶ ያፈሳል።»

አቶ ቱፋ ከመኪናው ብቅ አሉ። «ይቺን መኪና ጣሊያንም ክረምትም አልገደላትም፤ የዩኒቨርሲቲ ንጽሕና ሊገድላት ነው» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእኔ ግን ከቁጣ ባሰብኝ። የቃሲም ፊት መጣብኝ።

ዓይኔን ከእነሱ ሳሸሽ ገብሱ ከተራገፈበት መኪና ላይ የቀረውን አገዳ አየሁ። የመጣልኝን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ዋጥኩት። በሦስተኛው፣ «በየቀዳዳው አገዳ አስገብተን ጥልቀቱን ብንለካስ?» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ጓርኒሲዮኑንና ቴስታውን በቦታቸው አስቀመጡ። እኔ አገዳውን እየከተትኩ፣ ወለሉን ሲነካ ከቀዳዳው አፍ ላይ በጥፍሬ እየቆረጥኩ በማስመሪያ ለካሁ፤ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ብሎኑ ከአገዳው በጥቂት ማጠር አለበት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። በመጨረሻ ዐሥራ አምስቱም ቤታቸውን አገኙ።

«ይሄን ከጣሊያኖቹ አልተማርኩም» አሉ ጋሽ ወልዴ። ካመሰገኑኝ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

የውሃ መውጫው ቱቦም ሥር ያፈስስ ነበር። ለእሱ ወፍራም ካርቶን ጠየቁ። የያዝኩት ሁለት ነው፤ አንዱ የፈተናው ሳጥን፣ ሌላው የዚህ ደብተር ሽፋን። ሽፋኑን ገንጥዬ ሰጠኋቸው። ቱቦው ላይ ለጥፈው ጠርዙን በመዶሻ ቀስ በቀስ ሲመቱት ካርቶኑ ራሱን በልኩ ቆረጠ፤ ከዚያ ዘይት አጠጡት። ይህን የምጽፍበት ደብተር ጀርባው ራቁቱን የቀረው ለዚህ ነው።

ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር እየተሻገሩ ሦስት ዙር አጠበቁ፤ ዘይቱን ለወጡ። ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት ነጭ ጭስ ወጣ፤ ከዚያም ጠራ። አቶ ቱፋ ኪሳቸውን ሲዳስሱ ጋሽ ወልዴ ያዟቸው።

«የቅዳሜውን ተቀብያለሁ። የሰንበቱን ከተቀበልኩ ሥራ ይሆንብኛል። ሳትከፍሉኝ ሂዱ፤ በሳምንቱ ግን አምጧት፣ ብሎኖቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።»

«ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ አቶ ቱፋ በኦሮምኛ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው።

መመለስ

በሰባት ሰዓት ተነሣን። የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቧል፤ ከታች ገና የበቀለው ገብስ አረንጓዴ ነው። ጭቃው ሁለት ቦታ ያዘን፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ያገኘናቸው ገበሬዎች ሳንለምናቸው ገፉልን። በገለማ ዳገት አቶ ቱፋ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ነዱ። ጫፍ ላይ አቆሙና ክዳኑን ከፍተው አዩ። ውሃው እንዳለ ነው።

ጢቾ የገባነው ሳይጨልም ነው። ሳጥኑን አልጋዬ ሥር አስቀምጬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እየሰማሁ ተኛሁ።

በማግስቱ ማልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቃሲምና ጓደኞቹ ክፍሉን እሑድ ጠርገው ዴስኮቹን አስቀምጠዋል። አቀማመጡ ግን ሰልፍ የለውም፤ አንዱ ወደ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ሁለቱ ተጣብቀዋል፣ መሐሉ ባዶ ነው። ላስተካክል የመጀመሪያውን ዴስክ ያዝኩ። ከዚያ እጄን መለስኩ።

«ቃሲም፣ ለምንድን ነው እንዲህ ያደረጋችሁት?»

«ጣሪያው ያፈሳል፣ መምህርት» አለ። «ወረቀቱ እንዳይረጥብ ሌሊት ጠብታውን እያየን ነው ያስቀመጥነው።»

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ባዶው ቦታ ላይ ጠብ አለ።

ዴስኮቹን እንዳሉ ተውኳቸው። በሁለት ሰዓት ማኅተሙን በፊታቸው ቆረጥኩ።