ሰባተኛ ቤት ላይ የተገኘችው ሴት

ቬርማንዱዋ የሚባል አገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ቶሮንቶ ውስጥ ብዙ አላጋጠመኝም። ድሮ በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኮንት የሚባሉ መሳፍንት የሚገዙት አውራጃ ነበር። እኔ ኢስት ዮርክ፣ አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን የምሠራው በእነዚህ መሳፍንት ቤተሰቦች ላይ ነው። አባቴ "ለመሆኑ ሥራ ያስገኛል?" ይለኛል። አያስገኝም። ግን የሰው ቤት ጉድ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው የመሳፍንት ቤት ወራሽ አእምሮው አይረጋም ተባለና ከውርስ ተነቀለ፤ አውራጃው ለእህቱ ተሰጠ። የእህቱ ባል ደግሞ የንጉሡ ወንድም ነበር። አይ አጋጣሚ!

ከሁሉ የወደድኩት የእነሱን ልጅ ታሪክ ነው። ይሄ ኮንት ሚስት አለችው፤ ለዓመታት አብረው ኖረዋል። ኋላ የንግሥቲቱን እህት አየና ልቡ ሄደ። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባተኛ ትውልድ የሚዛመዱትን አታጋባም ነበር። ስለዚህ ጳጳሳት ተሰበሰቡ፤ አንዱ የኮንቱ የገዛ ወንድም ነው። ዘር ቆጠሩ ቆጠሩና "ለካ ዘመዳሞች ናችሁ" አሉ። ሚስትየዋ ተባረረች።

ይህን ለእጮኛዬ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "የእኛ ሰዎች ናቸው እንዴ?" አለኝ። እሱ በባለሙያ ቪዛ መጥቶ ኖርዝ ዮርክ አንድ ቢሮ ይሠራል። ሽማግሌ መላክን "ድራማ" ነበር የሚለው። "እኔና አንቺ ከተስማማን ሌላው ምን አገባው?" ይለኝ ነበር። እኔም አምኜው ነበር። የሙሽራ ልብሴን ሳይቀር መርጬ ነበር።

አባቴ ግን ደንቡ ካልተፈጸመ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቸርች መልስ፣ የእጮኛዬ እናት አጎት እሱን አስከትለው ከሬክስዴል መጡ። እርጅና ቢጫናቸውም ቀልደኛ ናቸው። የእኛና የእነሱ ሰዎች የአንድ ወረዳ መሆናቸው ሲታወቅ ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። "እንግዲያው ለደንቡ ያህል ዘር እንቁጠር" አለ አባቴ። እሱ የእኔን፣ ሽማግሌው የእጮኛዬን ወደ ላይ ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አንዲት ሴት ጠሩ። ያው አንዲት ሴት ናት።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አፋፍ ላይ ናት" አሉ። "ሰባት ሞልቷል የሚል አለ፣ አልሞላም የሚልም አለ። እኔ በበኩሌ እመርቃለሁ። አንቱስ?"

አባቴ አየኝ። ፊቴ ላይ ያየውን እንጃ። "እኔም እመርቃለሁ" አለ። አባቴን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

"አንተስ ልጄ?" አሉት።

እጮኛዬ ምንጣፉን እያየ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እንጃ… ካልቸሩን ሪስፔክት ማድረግ አለብን" አለ። "ነገ ልጅ ሲመጣ ኢሹ ይሆናል።"

እኔ ትከሻውን ነው ያየሁት። ከባድ ሻንጣ እንዳወረደ ሰው ዝቅ አለ። ቀለለው።

እስከ ሕንፃው ሊፍት ድረስ ተከተልኩት። "ሴትየዋ ባትገኝ ኖሮ ታገባኝ ነበር?" አልኩት።

"ፕሊስ፣ እዚህ አይሆንም። ኮል አደርግልሻለሁ" አለ። አልደወለም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ነው። አልፈልግሽም ለማለት ፈርቶ የሞተች ሴት ላይ አላከከ። አልፈልግሽም ቢለኝ አለቅስ ነበር፤ አሁንም አለቀስኩ፣ ግን ለምን እንደማለቅስ እንኳ አላወቅሁም። እናቴ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" ስትለኝ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። ክረምቱን ሙሉ የዚያችን የተባረረች ሚስት ምዕራፍ መክፈት አቃተኝ። የእሷ ዘመዶች እኮ ዝም አላሉም! ትልቅ መስፍን የነበረው የሥጋ ዘመዷ እምቢ አለ፣ ነገሩ ጦርነት ሆነ፣ ከተማ ተቃጠለ። እኔም በልቤ አባቴ ሬክስዴልን እንዲያቃጥልልኝ ፈልጌ ነበር።

አባቴ ያደረገው ሌላ ነው። ዘመድ ተገኘ አለ። ከሽማግሌው ጋር ይደዋወላል፤ ሲታመሙ ይጠይቃቸዋል፤ ለቅሶም አብረው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው በጋ የሰርግ ጥሪ መጣ። እጮኛዬ የነበረው ሊያገባ ነው፤ እኛም የተጠራነው የሙሽራው ወገን ተብለን ነው። "የዘመድ ሰርግ መቅረት ነውር ነው፤ አንቺ ግን ከፈለግሽ ቅሪ" አለ አባቴ ዓይኔን ሳያይ። ብቀር አልቻለችም ሊባል ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ፎቶ አንሺው የሙሽራውን ዘመዶች ጠራ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሽማግሌው ግን በከዘራቸው ጠሩኝ። "ነይ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ደግ ሰው ናቸው፤ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሄጄ ሙሽራዋ አጠገብ ቆምኩ።

ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ ጨዋም ናት። እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"እህቱ ናት አሉኝ" አለች። "በምን በኩል ነው የምትዛመዱት?"

"በሰባተኛ ቤት" አልኳት።

"ውይ! ሰባትማ ባዳ ነው!" ብላ ሳቀች። "በዚህስ እንኳን ፎቶ ሊያስነሳ፣ ያጋባል!"

እሱ በወዲያኛው ጎኗ ቆሟል፤ ሰምቷል። አንገቱን ደፋ። እኔ ሳቅሁላት፤ ምን አጠፋች? እጇን ግን መልቀቅ አቃተኝ። ፎቶ አንሺው "ሙሽራው፣ ቀና በል" አለ። ቀና አለ፤ ሁላችንም ቀና አልን።