የአማከለች መንጋጋና የያኤል ሽማግሌዎች

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ እልልታዋ ሦስት አጥር የሚሻገር ልብስ ሰፊ ግን አማከለች ብቻ ናት። በቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲባረክ እሷ ናት፣ ሙሽራ ሲገባ እሷ ናት፣ የጎረቤት ልጅ ፈተና ሲያልፍም እሷ ናት። ጎረቤቶቿ፣ «ለሰው ልጅ እንዲህ የሆንሽ፣ የያኤል ቀን ሲደርስማ ሰፈሩ ጆሮውን ይድፈን!» ይሏታል። ያኤል አንድያ ልጇ ናት። አማከለች ያን ቀን ስትጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት።

ቀኑ ሲቀርብ መንጋጋዋ ከዳት።

መጀመሪያ ምግብ ስታኝክ ከጆሮዋ ሥር ቀጭ ይል ጀመር። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት አልከፈት አለ፤ ሲከፈትም እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል። ጥርስ ነው ብላ ቅርንፉድ ያዘችበት፤ ጥርሱ ግን ደህና ነበር። በመጨረሻ ያኤል ጎትታ ላፍቶ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት።

ሐኪሟ ዶክተር ምስጢር የልጇ እኩያ ናት። ራጁን እያሳየች፣ «የመንጋጋዎ መገጣጠሚያ ተበልቷል። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚለየው ለስላሳው ነገር ሳስቷል» አለቻት። «ለመሆኑ ክር በምንድን ነው የሚቆርጡት?»

«በጥርሴ ነዋ! መቀስ እስኪገኝ ማን ይጠብቃል?»

«ስንት ዓመት?»

«ሠላሳ።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ጥያቄዋን ግን አላቆመችም። ሥራ ላይ ቆሎ ይቆረጥማሉ? ቆሎው ኪሷ ውስጥ ነበር። በእንቅልፍዎ ጥርስ ያፋጫሉ? «እሱን ባሌን ይጠይቁት፤ የምተኛው ወፍጮ ቤት ነው ይላል።» የግራ መንጋጋ ጥርሶቿ ከተነቀሉ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁሉንም የምታኝከው በቀኝ ነው። ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ አገጯን መመታቷም ትዝ አላት። በዚህ ላይ ዕድሜ አለ፤ በሽታው ደግሞ በሴት ላይ ይበረታል። ደግነቱ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ መጥታለች፤ የተበላው ባይመለስም ሕመሙ ይበርዳል። ለስላሳ ምግብ፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ስትተኛ ጥርሷ ላይ የምታደርገው መከላከያ ታዘዘላት። ለስድስት ሳምንት አፍን በሰፊው መክፈት ክልክል ነው።

«እልልታስ?» አለች አማከለች።

«እሱማ ጭራሽ!»

የያኤል ሽማግሌዎች ለመልስ የሚመጡት በዘጠነኛው ቀን ነበር።

አማከለች ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ባሏ ቦንሳ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከቧንቧ ጋር የሚያወራ ዝምተኛ። ሊያጽናናት ብሎ፣ «ለሽማግሌዎቹ እንነግራቸዋለን» ቢላት ተቆጣች። «ገና ሳይዛመዱን በሽተኛ ይበሉኝ? ትንፍሽ እንዳትል!» ብላ እሱንም ያኤልንም ቃል አስገባቻቸው። ኩራት መቼም ለባለቤቱ አይመክርም።

ቅዳሜ ከሰዓት የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ መዝገቡ ሁለት ሰዎች አስከትለው ከለቡ መጡ። ያኤልን ለእጮኛዋ ለኤልያቄም ብለው ሲመጡ ይህ ሁለተኛቸው ነው። ተቀመጡ ቢባሉ፣ እንደ ወጉ፣ «ቃላችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ። ቦንሳ ሦስት ቃል ተናገረ፤ «ልጃችን ልጃችሁ ናት።»

ሁሉም ወደ እናትየው ዞሩ። አሁን እልል የምትለው እሷ ናት። አማከለች ግን ጉንጯን በሞቀ ሻሽ ጠምጥማ፣ ከንፈሯን ገጥማ ተቀምጣለች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ልጅ የዳረ አይመስለኝም። ቤቱ ጸጥ ሲል የጋሽ መዝገቡ ፊት ተለወጠ።

«ወይዘሮ አማከለች ቅር ብሏቸዋል» አሉ በትሕትና። «ያለ እናት ምርቃት ልጅ አንወስድም። ይቅርታ አድርጉልን።» ባርኔጣቸውን አነሡ። ከመጋረጃው ጀርባ የያኤል ሲቃ ተሰማ።

ይሄኔ አማከለች ኩራቷን ረሳችው። ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች። «ተቀመጡልኝ! የታመመው መንጋጋዬ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለች፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታላቅቅ። ሻሹን ፈታ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ክሩን፣ ቆሎውን፣ ጥርስ ማፋጨቱን። ጉሮሮዋን እየነካች፣ «ደስታዬ እዚህ ድረስ ሞልቷል፤ መውጫ ነው ያጣው» ስትል እንባዋ ወረደ።

ማንም ሳያስበው ቦንሳ ተነሣና እልልታውን ለቀቀው። እልልታ ከተባለ ነው! ወንድ እልል ሲል በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ምላሱ ተሳሰረ፤ መሃል ላይ ሳል አቋረጠው፤ እንደገና ጀመረ። ያኤል ከመጋረጃው ወጥታ ተቀበለችው። ጋሽ መዝገቡ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው በጭብጨባ አገዙት። ጎረቤት ምን ተፈጠረ እያለ በሩን ሞላው።

አማከለች በሰፊው መሳቅም ተከልክላለች። ሁለት እጇን አገጯ ሥር አድርጋ መንጋጋዋን ደግፋ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ቦንሳ ትንፋሹ ሲያልቅ ላቡን ጠርጎ ወደ እሷ ዞረ።

«ይበቃሻል ወይስ ልድገመው?»

«ድገመው» አለችው፤ «ልጄ አንድ ናት።»